ሰባት ጊዜ ስምንት፦ ቤት የሚማር ጎረምሳ ማባዣው ሲጠፋበት ምን እናድርግ?

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው። ታማ ከትምህርት ቤት ስለቀረች ዓመቱን የምትማረው እዚሁ ሐዋሳ፣ እኛ ቤት ነው። ሒሳቡ የእኔ ድርሻ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ ሰጠኋት፦ ሲባዙ 56፣ ሲደመሩ 15 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጊ። ጥያቄው ገብቷታል። ግን ከጠረጴዛው ሥር ጣቶቿ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። በሰባት በሰባት እየደመረች ነው፤ ሰባት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ አንድ። 35 ላይ ስትደርስ ምን ስትፈልግ እንደነበር ጠፋባት። “አክስቴ፣ እኔ ሒሳብ አይሆነኝም” ብላ ደብተሯን ዘጋችው።

ሒሳቡማ ሆኗት ነበር። የጠፋት 7 ጊዜ 8 ነው። አእምሮዋ ሰባት ሲደምር የዋናውን ጥያቄ ክር ለቀቀ።

እንዲህ ያለ ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ተዉ፦ ከሁለት ማባዣ አስጀምራችሁ በዜማ አታስብሉት። ጺም ማብቀል የጀመረ ልጅ ታናሽ እህቱ ፊት “ሁለት ጊዜ አንድ ሁለት” ሲል ቢያኮርፍ አይፈረድበትም። እኔ ራሴ የተማርኩት በዜማና በማስመሪያ ነው፤ መልሱ ከጠፋ መዳፍ ይዘረጋል። እስከ ዛሬ 7 ጊዜ 8 ስባል ቀድሞ የሚመጣልኝ ማስመሪያው ነው፣ 56 ከኋላው ይከተላል። ዜማው ደግሞ ሌላም እንከን አለው፤ መሐል ላይ ያለውን ለማግኘት ከመጀመሪያው መነሳት ይጠይቃል።

1. የጎደለውን ብቻ ለዩ

ከ1 እስከ 10 ያለው ማባዣ 100 ሳጥን አለው። 7 ጊዜ 8 እና 8 ጊዜ 7 አንድ ስለሆኑ ግን በትክክል መያዝ ያለበት 55 ብቻ ነው። እነዚህን 55 በትንንሽ ካርቶን ላይ ጻፉ፤ እኛ ባዶ የሻይ ቅጠል ፓኮ ቆራርጠን ነው የሠራነው። ፊት ለፊት ጥያቄው፣ ከጀርባ መልሱ።

አንድ በአንድ አሳዩትና በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ። ሰዓት አታውጡ፣ ስልክም አትያዙ፤ ሰዓት የሚቆጠርበት ልጅ የሚያውቀውንም ይረሳል። ወዲያው የመለሰውን አንድ ጋ፣ ቆጥሮ የደረሰበትን ሌላ ጋ፣ የሳተውን ለብቻ። የእኔዋ 41ዱን ወዲያው መለሰች። 9ኙን ቆጥራ አገኘች፣ 5ቱን ሳተች። “ማባዣ አላውቅም” ትል የነበረችው ልጅ ማለት ነው።

2. ልጁ ፊት ሰንጠረዡን አሳንሱት

ይህን ደረጃ አትዝለሉት፤ ከሁሉም የሠራልን እሱ ነው። ሙሉውን ሰንጠረዥ ወረቀት ላይ አስምሩና እስክሪብቶውን ለልጁ ስጡት። እሱ ይሰርዝ።

1፣ 2፣ 5 እና 10 ያሉበትን በሙሉ ይሰርዝ፤ እነዚህን የማያውቅ ጎረምሳ እምብዛም አይገጥማችሁም። ከ55ቱ 21 ይቀራሉ። ቀጥሎ ዘጠኝ ያለባቸው፦ 9 ጊዜ 7 ማለት 10 ጊዜ 7 ሲቀነስ 7 ነው፤ 70 ሲቀነስ 7፣ 63። 15 ቀሩ። አራት ማለት እጥፉን ማጠፍ ነው፤ 4 ጊዜ 8 ሲሉት 16፣ ከዚያ 32። 10 ቀሩ። ሦስት ደግሞ እጥፉ ላይ አንድ መጨመር ነው፤ 3 ጊዜ 7፣ 14 እና 7፣ 21።

የሚቀሩት ስድስት ናቸው፦ 6×6፣ 6×7፣ 6×8፣ 7×7፣ 7×8፣ 8×8።

ልጅቷ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። “ይኼ ብቻ?” አለችኝ። ይኼ ብቻ።

3. ለስድስቱ መንገድ ስጧቸው

በደረቁ ከሚሸመደድ ይልቅ ሲጠፋ መመለሻ ያለው ይሻላል። ለ6×7 ከ5×7 ይነሳ፤ 35 ሲደመር 7፣ 42። 6×8ም እንደዚያው፣ 40 እና 8። 6×6 ደግሞ 30 እና 6። 7×7 ከ50 አንድ ያነሰ ነው። 8×8ን ጎረምሶች ሳያውቁት ያውቁታል፤ የስልክ ሚሞሪ 8፣ 16፣ 32፣ 64 ጊጋ አይደል?

7×8 ላይ እንደገና እጥፍ ነው የሚያዋጣው፦ 7፣ 14፣ 28፣ 56። እያጠፉ ማባዛት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በውጭ የሒሳብ ጽሑፎች “የኢትዮጵያ ማባዣ” የሚባል ስልት አለ። ለምሳሌ 13 ጊዜ 7 ሲሆን፣ በግራ 13ን እያጋመሱ ትርፉን እየጣሉ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ብለው ይጽፋሉ፤ በቀኝ 7ን እያጠፉ 7፣ 14፣ 28፣ 56። በግራ ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር ያለበትን መስመር፣ እዚህ 6ን፣ ከነጓደኛው ይሰርዙና የቀረውን ቀኝ ይደምራሉ፤ 7፣ 28 እና 56፣ 91። ለጎረምሳ ይህን ማሳየት የትንሽ ልጅ ትምህርት አይመስልም፤ “ለምን ይሠራል?” ብሎ የሚያፋጥጣችሁ ከሆነ ደግሞ ደስ ይበላችሁ።

አንድ ወጥመድ አለ፦ 54 እና 56 ይምታታሉ። የዘጠኝ ብዜት የሆነ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር አሃዞቹ ሲደመሩ ወደ 9 ይወስዳል፤ 5 እና 4፣ 9። ስለዚህ 54 የ6×9 ነው። 56ን ለመያዝ ደግሞ ቁጥሮቹ በተራ ይቆማሉ፦ 5፣ 6፣ 7፣ 8። ሃምሳ ስድስት፣ ሰባት ጊዜ ስምንት።

4. በቀን አሥር ደቂቃ፣ ከቡና ጋር

አንድ ሰዓት አስቀምጦ ማድረቅ ከንቱ ድካም ነው። የሚጠቅመው ትንሽ ጠይቆ፣ ትንሽ እንዲረሳ ትቶ፣ እንደገና መጠየቅ ነው። ለዚህ ከቡና የተሻለ ሰዓት ሰጪ አላገኘሁም። አምስት ካርቶን ይዛለሁ፤ ሦስቱ የምታውቃቸው፣ ሁለቱ አዲስ። አቦል ላይ እጠይቃታለሁ። ወሬ እናወራለን፣ ቆሎ እንቆረጥማለን። ቶና ላይ እነዚያኑ፣ ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቄ። በረካ ላይ ተገልብጠው ይመጣሉ፦ “48 የማንና የማን ነው?” መገልበጡ ማካፈልን አብሮ ያስይዛል፤ ያለ እሱ ክፍልፋይ ማቃለል ላይ ትቸገራለች።

ስትሳሳት “እስቲ አስቢ” አልልም። መልሱን ወዲያው እነግራታለሁ፣ በየት በኩል እንደሚመጣ ትነግረኛለች፣ ከሁለት ካርቶን በኋላ ያንኑ እደግመዋለሁ። የተያዘ ካርቶን በማግስቱ አንዴ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አንዴ፣ ከሳምንት በኋላ አንዴ ይጠየቃል። ስድስቱን ብዜቶች አንድ ወር ሳይሞላ ያዘቻቸው።

5. በአንድ ቋንቋ ይሁን

እዚህ ሐዋሳ አንድ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ሲዳምኛና እንግሊዝኛ ሲቀላቀል ይውላል። ማባዣውን በአማርኛ የያዘ ልጅ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሲሆንበት “ሰቨን ኤይትስ” ሲባል መጀመሪያ ይተረጉማል፣ ከዚያ ያባዛል፣ ከዚያ ይመልሳል። የዘገየው ሒሳቡ ላይ ላይሆን ይችላል። በየትኛው ቋንቋ ፈጥኖ እንደሚመልስ ፈትኑና በዚያው አጽኑት። እኛ አማርኛ መረጥን።

6. ዋናውን ትምህርት አታቁሙ

“መጀመሪያ ማባዣ፣ ከዚያ አልጀብራ” የሚል ወላጅ ብዙ አይቻለሁ፤ አልስማማም። ሰንጠረዡን አጠገቧ ለጥፋችሁ የክፍሏን ሒሳብ ትቀጥል። የያዘችውን ሳጥን ራሷ በእስክሪብቶ ታጥቁረው። ካልኩሌተር ግን አይተካውም፤ 56 ሲታያት 7ና 8 ትዝ እንዲላት አያደርግም።

ሰዓት ማንበብ፣ ገንዘብ መመለስ፣ ከሁለት ቁጥር የቱ እንደሚበልጥ መለየት ጭምር የሚያስቸግረው ልጅ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካርቶኑን አቆዩትና ባለሙያ ይየው።

7. ለትልቅ ሰው የሚመጥን ሥራ ስጡ

አሞራ ገደል ዓሣ ስንገዛ “የስድስቱ ስንት መጣ?” እላታለሁ፣ ግን ይህ ቶሎ ይሰለቻል። ያልሰለቻት የባሕረ ሐሳብ ስሌት ነው። መስከረም 1 የሚውልበትን ቀን ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይጨመራል፤ ለ2018፣ 7518። ይህ ለ4 ይካፈልና ትርፉ ይጣላል፤ 1879፣ መጠነ ራብዕት ይሉታል። ሁለቱ ሲደመሩ 9397። ይህን ለ7 አካፍሉ፤ የሚተርፈው ቀኑን ይነግራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 አርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ምንም ካልተረፈ ሰኞ። 9397 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ የ2018 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበር።

ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ ዓመት ሰባትን ሦስት አራት ጊዜ ያስጠራል። ለ2019 ሠርታ አርብ አለችኝ። ከዚያ ማንም ሳያዛት የተወለደችበትን 2003 ጀመረች። 9378 ላይ ደርሳ ለሰባት ስታካፍል እጇን አየሁት፤ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። “63፣ አምስት ተረፈ” አለች። “ቅዳሜ ነበር እንዴ?”