ልብ ሲያመነታ፦ የኢስቲኻራ ሶላት እንዴት ይሰገዳል?

ትዳር ለመያዝ ወይም ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ የሚያመነታ ሰው፣ ከዚያ በፊት ለሶላት እምብዛም ቢሆን እንኳ፣ መስገጃውን የሚያነጥፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ወቅት ነው፤ የራሱ ግምት አላስተማምን ሲለው ሩቁን ወደሚያውቅ ጌታ ይዞራልና። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተደነገገው ሶላት ኢስቲኻራ ይባላል።

ዉዱእ (የሶላት ትጥበት) አድርገው፣ ከግዴታ ሶላት ውጭ ሁለት ረከዓ (የሶላት ዙር) ይስገዱ፤ ከሱብሒ (ከንጋት ሶላት) በኋላ ፀሐይ እስክትወጣ፣ ከዐስር (ከተሲያቱ ሶላት) በኋላም እስክትጠልቅ ያለውን ጊዜ ቢተዉት ይሻላል። ቀጥሎ የኢስቲኻራውን ዱዓ (ልመና) ያድርጉ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ዱዓ የቁርኣን ሱራ በሚያስተምሩበት አኳኋን ለባልደረቦቻቸው ያስተምሩ እንደነበር ባልደረባቸው ጃቢር ኢብን ዐብዱላህ ያስተላለፉትን ሐዲስ (ከነቢዩ የተላለፈ ዘገባ) የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ዘግበውታል። ዐረብኛው በቃል ካልተያዘ ከወረቀት ማንበብ ይቻላል።

በዱዓው ውስጥ «ይህ ጉዳይ» ከሚለው ቦታ ሲደርሱ ጉዳይዎን በስሙ ይጥሩት። «ለቤት ሠራተኝነት ወደ ጅዳ መሄዴ» ብሎ መናገር፣ በደፈናው ሲያስጨንቅ የከረመውን ነገር ፊት ለፊት ያመጣዋል። ዱዓው የሚለምነው መልካም ከሆነ እንዲገራ፣ ክፉ ከሆነ ጉዳዩ ከሰውየው፣ ሰውየውም ከጉዳዩ እንዲርቅ ነው፤ ይህ ሁለተኛው ልመና ልብ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ይረዳል።

ብዙዎች ከዚያ በኋላ ሕልም ይጠብቃሉ፤ ሐዲሱ ግን ስለ ሕልም የሚለው ነገር የለም። ይልቅስ አገሩን የሚያውቅ ሰው ያማክሩ፣ የሥራ ውሉንም አስነብበው ይረዱ፤ ከዚያም ወደ አመዘነው ይሂዱ።