ካሴት ከመቅዳታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ

ቤታችሁ ውስጥ የካሴት ክምር ካለና ወደ ኮምፒውተር ልታስገቡት ካሰባችሁ፣ ከምንም ነገር በፊት አንዱን ካሴት አንሥታችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። ክሩ ከሚታይበት ጠርዝ በተቃራኒ በኩል፣ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። በቀጭን ካቻቪቴ ሁለቱንም ስበሯቸው። ጥርሱ የወለቀ ካሴት ላይ የመቅጃው ቁልፍ አይወርድም፤ ስለዚህ ማንም ቢነካካው የተቀዳው አይጠፋም። ይህን አጥብቄ የምናገረው በልጅነቴ አባቴ ጊታር እየመታ የዘፈነበትን ካሴት ቴፕ ውስጥ ከትቼ፣ በማጫወቻው ፈንታ መቅጃውን ተጭኜ፣ አርባ ሰከንድ ሙሉ «ይሰማል? ይሰማል?» እያልኩ ስለጮኽኩበት ነው። አባቴ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥርሶቹን ከሰበራችሁ ቀጣዩ ጥያቄ በእጃችሁ ያለው ካሴት ስንተኛ ቅጂ ነው የሚለው ነው። «መቅዳት» የሚለው ቃላችን ለውኃም ለድምፅም ማገልገሉ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ሁለቱም ከምንጩ ሲርቁ ይደፈርሳሉና። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 በርሊን ላይ ካሴትን ለሕዝብ ሲያሳይ በዋናነት ያሰበው ንግግር ለመቅዳት ነበር። ክሩ ወርዱ አራት ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ በሰከንድ የሚጓዘውም 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚያች ጠባብና ዘገምተኛ ክር ላይ ሙዚቃ ሲሰፍር ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ አብሮት ይገባል። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሹክሹክታው ይጨምራል፤ ቀጫጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቅጂ ላይ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። ስለዚህ ያንኑ ዘፈን አክስታችሁ ቤት በዋናው ካሴት የምታገኙት ከሆነ፣ የራሳችሁን ቅጂ በማጽዳት ሳምንት ከምታባክኑ ሄዳችሁ ተዋሱ።

ስለ ማጫወቻው ረጅም ምክር የለኝም። «ካሴትን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ» ተብለው የሚሸጡትን ቀላል የእጅ ማጫወቻዎች ሞክሬያለሁ፤ ፍጥነታቸው ይዋዥቃል፤ የተዘረጋ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ዘፋኙ የፈራ ይመስላል። በደንብ የተያዘ አሮጌ ትልቅ ቴፕ፣ ከጀርባው የድምፅ ማውጫ ቀዳዳ ያለው፣ ከሁሉም ይበልጣል። ካገኛችሁት ግን ሳታጸዱት ካሴት አትክተቱበት። የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ በአልኮል እያራሳችሁ ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ ማለትም ሄዱን፣ እንዲሁም ክሩን የሚጎትተውን ቀጭን የብረት ዘንግ ጥረጉ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀጥሉ። ዘንጉ ላይ የምትጫነውን ጥቁር የጎማ መንኮራኩር ጥቂት ሳሙና ባለው ውኃ በረጠበ ጨርቅ አብሷት፤ ቴፕ ካሴት የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ እሷ ስትቆሽሽ ነው። ካሴቱንም እዩት። ክሩን ከበስተኋላው ደግፎ ሄዱ ላይ የሚጫን ትንሽ ጨርቅ አለ፤ ሙጫው ደርቆ ወድቆ ከሆነ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ይሆናል። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ካሴት ከሆነ ደግሞ ከማጫወታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አስኪዱት፤ ከዚያም መልሱት።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ነገር እንምጣ። እኔ ከሁሉ በላይ የምወደውም ይህንኑ ነው።

ሄዱ ብዙውን ጊዜ የቆመው በሁለት ብሎኖች ነው። አንደኛው ጠብቆ የታሰረ ሲሆን ሁለተኛው ከሥሩ ስፕሪንግ አለው፤ አናቱ ላይም የቀለም ጠብታ አይጠፋም። ይህ ሁለተኛው ብሎን ሄዱ ከክሩ ጋር ቀጥ ብሎ እንዲቆም ወይም በፀጉር ስንጥቅ ያህል እንዲዘነብል ያደርገዋል። ካሴቱ የተቀዳው በሌላ ቴፕ ከሆነ፣ የዚያ ቴፕ ሄድ የነበረው ዝንባሌ ከእናንተው ጋር ላይገጥም ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ሰዎችም «ካሴቱ አርጅቷል» ብለው ይደመድማሉ። ካሴቱ ግን ላያረጅ ይችላል፤ ምናልባት ጠምዝዛችሁ እያነበባችሁት ነው።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ብሎኑ ያለበትን አቅጣጫ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ መመለሻችሁ እሱ ነው። ግራና ቀኙን ድምፅ ወደ አንድ ደምራችሁ፣ ማለትም በሞኖ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ሄዱ ሲዘነብል ሁለቱ ጎኖች ሲደመሩ አንዱ የሌላውን ቀጭን ድምፅ ስለሚያጠፋ ጉድለቱ በሞኖ ይጎላል። ማግኔት የሌለው ቀጭን ካቻቪቴ ያዙና ካሴቱ እየተጫወተ ብሎኑን የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ወደ አንድ ጎን አዙሩ። ዜማውን አትከታተሉ፤ የምታዳምጡት «ስ» እና «ሽ» የሚሉትን ፊደላት ነው። ዘፋኙ «ስ» ሲል ከጨርቅ ስር «ፍ» የሚመስል ከሆነ ወደ ሌላው ጎን መልሱት። አንድ ቦታ ላይ መጋረጃ እንደ ተገፈፈ ሁሉ የጊታሩ ክር ሲቆነጠር ጥፍሩ ይሰማል። ትንሽ ስታልፉት ይጠፋል፤ ስትመለሱ ይመጣል። እዚያ ላይ አቁሙ። በየካሴቱ፣ አንዳንዴም በየጎኑ ይለያያል። የአባቴን ካሴት የመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መንገድ ሳስተካክል፣ ከዘፈኑ መጀመሪያ በፊት ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ለሃያ ዓመታት ስሰማው ወንበር መኖሩን አላውቅም ነበር።

ቴፓችሁ የዶልቢ፣ ማለትም የሹክሹክታ መቀነሻ፣ ማብሪያ ካለውና ካሴቱ በዶልቢ የተቀዳ ከሆነ አብሩት፤ ካልተቀዳበት አጥፉት። ይህንን ግን ብሎኑን ካስተካከላችሁ በኋላ ወስኑ፤ በተዛነፈ ሄድ ላይ ዶልቢ የድምፁን መደብዘዝ ያባብሰዋል።

ወደ ኮምፒውተር ስታገናኙ ከቴፑ ጀርባ ያለውን የድምፅ ማውጫ ተጠቀሙ፤ የሚገባውም በማይክሮፎን ቀዳዳ ሳይሆን ለዚሁ በተሠራ የድምፅ ማስገቢያ ይሁን። የማይክሮፎን ቀዳዳ ለደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ከቴፕ የሚመጣውን ያጨናንቀዋል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱን ጎኖች ወደ አንድ ያደርጋቸዋል። ለመቅጃነት ኦዳሲቲ በነጻ ይገኛል፤ ከዚያ በላይ ፕሮግራም አያስፈልጋችሁም። መጀመሪያ የካሴቱን ኃይለኛ ቦታ ፈልጋችሁ አጫውቱና ከፍተኛው ጫፍ በፕሮግራሙ የድምፅ መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም አድርጉ። ክር ላይ ድምፅ ሲበዛ እየሞቀና እየለሰለሰ ይበላሻል፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ዜሮን ሲነካ በመቀስ እንደ ተቆረጠ ይሆናል፤ የተቆረጠውንም ማንም አይመልሰውም።

በስንት ይቀዳ ለሚለው፣ 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ ሳይጨመቅ የሚቀመጥ ዌቭ ፋይል እላለሁ፤ ቢት ድምፁ ምን ያህል በረቂቁ እንደሚለካ፣ ኪሎ ኸርዝ ደግሞ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ ይናገራል። ስድሳ ደቂቃ ካሴት አንድ ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ሲዲ 16 ቢት እና 44.1 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ ለካሴት እሱም ይበቃ ነበር፤ 24 ቢት የምመርጠው ድምፁን ዝቅ አድርጌ ስቀዳ እንዳልሳቀቅ ብቻ ነው። 96 እና 192 ኪሎ ኸርዝ የሚሉ ቁጥሮችን የሚያመልኩ ሰዎች አሉ። ካሴት ላይ የሌለውን ነገር በትልቅ ዕቃ ብትቀዱት ዕቃው ይተልቃል እንጂ ውኃው አይጨምርም።

ዋናውን ፋይል አታጽዱት። ሹክሹክታ ማጥፊያውን ስትጫኑ የመጀመሪያው ደቂቃ ያስደስታል፤ ቆይታችሁ ስትሰሙት ግን ዘፋኙ ከውኃ ውስጥ ይዘፍናል። ማጽዳት ካማራችሁ ቅጂው ላይ አድርጉት። ዋናውን ወደ ፍላክ ለውጣችሁ አስቀምጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነጻ ቅርጽ ነው፤ መጠኑን በእጅጉ ይቀንሳል፣ ሲፈታ ግን አንዲት ነጥብ ሳይጎድል እንደ ነበረው ይመለሳል። ኤምፒ3 ለስልክ ይሁን። እሱ ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን እየጣለ ነው የሚያሳንሰው። ኤምፒ3 የነበረን ወደ ፍላክ ለውጦ «ጥራቱ ከፍ አለ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም በሉት።

ሸክላ ያላችሁ ደግሞ የሸክላ ማጫወቻው ድምፅ በራሱ ማጎልበቻ ማለፍ እንዳለበት አትርሱ፤ በቀጥታ ከሰካችሁት የሳሳና የደከመ ይሆናል። ሌላው ሥርዓት ያው ነው።

እንግዲህ ወደሚያጨቃጭቀው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የብሪታንያ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ቤት ውስጥ መቅዳት ሙዚቃን እየገደለ ነው ብሎ ዘምቶ ነበር፤ አርማው ላይ የራስ ቅሉ ካሴት ነበር፤ ከሥሩም የተጠላለፉ አጥንቶች። ሙዚቃ አልሞተም። ግን ቀልደን እንዳናልፈው፤ የቅጂው ብዛት የአንዳንዱን ሠሪ ገበታ መንካቱ አይቀርም። እኔ የጀርመኖችን ዘዴ አከብራለሁ፤ ሰው መቅዳቱን እንደማይተው ተረድተው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ሕግ በመቅጃ መሣሪያዎች ላይ ክፍያ ጣሉ፤ ገንዘቡ ለመብቱ ባለቤቶች እንዲደርስ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1992 ተመሳሳይ ክፍያ ላይ ሌላ መንገድ ጨመሩ፤ ለቤት የሚሸጡ ዲጂታል መቅጃዎች ከዋናው እንዲቀዱ፣ የቅጂን ቅጂ ግን እንዲከለክሉ አዘዙ። ይህን ሳነብ ሳቅሁ። ያ የሰለቸን ሹክሹክታ ለካ ዘበኛ ኖሯል! ሦስተኛው ቅጂ የማይሰማ ስለነበር ነገሩ በራሱ ይገታ ነበር፤ ዘበኛው ሲሞት በሕግ ሊተኩት ሞከሩ። ኮምፒውተርን ግን ሕጉ ስላልነካው አጥሩ ክፍት ቀረ። ዛሬ ሺህኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይም።

የገዛሁትን ለራሴ ብቀዳ ማን ይጠይቀኛል ለምትሉ፣ እንደ አገሩ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ፈቅዳ በ2015 ፍርድ ቤቷ ሽሮታል። የምትኖሩበትን ሕግ እዩ። ከሕግ ባሻገር እኔ የምሄድበት መንገድ ይህ ነው። ገንዘቤን ከፍዬ ያገኘሁትን ለራሴ ቤት እቀዳለሁ። ሥራው ዛሬም የሚሸጥ ከሆነና ወዳጄ ከፈለገው ካሴቱን አውሰዋለሁ እንጂ ፋይል አልሰጠውም። ከገበያ የጠፋ ከሆነ እንዳይሞት ቀድቼ አኖረዋለሁ፤ ለሕዝብ ለመልቀቅ ግን ባለቤቱን ወይም ወራሹን መፈለግ አለብኝ። ሙዚቀኛ የሆነ አንድ ጓደኛዬ በዚህ ይሞግተኛል፤ ሥራው ከሚረሳ ቢሰረቅ እንደሚሻለው ይናገራል። በራሱ ሥራ ላይ ይህን ማለት መብቱ ነው፤ ስለ ሌላው ሰው ሥራ ግን እኔ እንዲህ ልል አልችልም። ቤት ግብዣ ላይ የዘፈነች ጎረቤትም ድምፅዋ የራስዋ ነው፤ ፋይሉን ለሰው ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቋት።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን የስም ነገር ነው። ካሴት ሲገለበጥ ዘፈኑ ያልፍና ስሙ ይቀራል፤ ባዶ ወረቀት ላይ «ቆንጆ ዘፈኖች፣ ቁጥር 4» ተብሎ ይጻፋል፤ ግጥም ደራሲው፣ ከበሮ የመታው፣ ያቀናበረው ሁሉ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሉም። ስለዚህ ከድምፁ እኩል የካሴቱን ሽፋን በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ከፋይሉ ጋር አስቀምጡ። የዘፋኙን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን፣ ዓመቱን፣ የቀዳችሁበትን ቀንና የቴፑን ዓይነት ጻፉ። የማታውቁትን ሰው በግምት አትሙሉት፤ «ያልታወቀ» በሉ። በግምት የተጻፈ ስም ከባዶው ይከፋል፤ የሚመጣው ሰው አምኖ ይገለብጠዋልና።

ፋይሉ ሦስት ቦታ ይኑር፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ። በዓመት አንዴ ከፍታችሁ ስሙት። ካሴቱን አትጣሉ፤ እስከ ጫፉ ጠቅልላችሁ፣ ከድምፅ ማጉያ አርቃችሁ፣ አቁማችሁ አስቀምጡት። ማግኔት ያለበት ነገር አጠገብ አይሁን።

የአባቴ ካሴት ፋይል ሥር ማስታወሻ አለ። ዘፋኝና ጊታር፦ አባቴ። ግጥም፦ ያልታወቀ። ከ12፡40 እስከ 13፡20 ያለው ጩኸት የቀዳሁት የእኔ ነው፤ አልቆረጥኩትም።