ፋሲካ ሌሊት ስትፈስኩ ቀስ በሉ

የሁዳዴ 55 ቀን ጾም ሲፈታ ሆዳችሁን አታስደንግጡት። ከቅዳሴ መልስ ዶሮ ወጡ ላይ ከመረባረብ በፊት ተልባ ጠጣ ጠጣ አድርጉ፣ እናቶቻችን ያለ ምክንያት አላስለመዱንም። ከዚያ ትንሽ እንጀራ፣ አንድ ብልት፣ ግማሽ እንቁላል ይበቃል፤ ጥሬ ሥጋውና ጠላው ይቆዩ፣ ነግቶም በዓል ነው። ደግሞስ ምን ያስቸኩላል? እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። መጽሐፈ ምሳሌ 25፥16 ማር እንኳ ስታገኝ የሚበቃህን ብቻ ብላ፣ ካለዚያ ትተፋዋለህ ይላል። ሁለት ወር ያህል የለመድነውን ራስን መግዛት በአንድ ሌሊት ስንጥለው በጣም ያሳዝነኛል። ጉርሻው ሲበዛባችሁ ሳታፍሩ "በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" በሉ። ለነዳያን የሚሆነውን ደግሞ ከመቁረሳችሁ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ትራፊ ብቻ እንዳይደርሳቸው።