ሰው ሰምቶ ለምን አያደርግም? በወረርሽኝ ጊዜ መመሪያ ሲወጣ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ስልክ በደወልን ቁጥር ስለ እጅ መታጠብና ስለ ርቀት የሚያሳስብ ድምፅ ይቀበለን ጀመር። መልእክቱ ያልደረሰው ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ግን መስማትና ማድረግ ይለያያሉ። በሁለቱ መሀል ያለውን ክፍተት የሚያጠናው የባህሪ ሳይንስ ነው።

በዚያ ዓመት ክትባት አልነበረም። መንግሥታት በእጃቸው የነበረው ዋና መከላከያ የሰው ባህሪ ነበር። መታጠብ፣ ማስክ ማድረግ፣ ቤት መዋል፣ አለመጨባበጥ፣ ሁሉም ባህሪ ነው። ስለዚህ የባህሪ ባለሙያዎች በየአገሩ ለምክር ተጠሩ። አንዳንዱ ምክር ሕይወት አተረፈ። አንዳንዱ ደግሞ ጎዳ። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ እንዳይደገሙ የምመኛቸውን ስህተቶች ላንሳ።

መንገዱን ሳያዩ ሰውየውን መምከር

እኔ የምጀምረው ከዚህ ነው፤ በጣም የበዛውም ይኼ ስለሆነ።

ያን ሰሞን ከሰፈር ወጣቶች ጋር ቤት ለቤት እየዞርን ወረቀት እናድል ነበር። አንዲት እናት ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና፣ «ልጄ፣ ሳሙናው አለኝ። ውሃው ግን የሚመጣው ማክሰኞ ነው» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ቫይረሱን በደንብ ያውቁታል። የሚታጠቡበትን ሰከንድም ያውቁታል። የጎደላቸው ውሃ ነው። እኔ ደግሞ የያዝኩት ወረቀት ነው።

ታክሲም እንደዚያው። ግማሽ ሰው ተጭኖ ታሪፉ እጥፍ ይሁን ሲባል ለጤና ትክክል ነበር። ለቀን ሠራተኛው ግን የምሳውን ገንዘብ ነካበት። ተጠጋግቶ ተቀምጦ በድሮው ዋጋ ለመሄድ ከረዳቱ ጋር ቢስማማ ምኑ ይገርማል? ይህን «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ መጥራት ችግሩን ከነመድኃኒቱ መሳት ነው።

በባንግላዴሽ 600 በሚሆኑ መንደሮች የተሠራ ትልቅ ጥናት አለ። ከ340 ሺህ በላይ አዋቂዎችን አካቷል። አጥኚዎቹ ማስኩን በነፃ፣ በየቤቱ በር ላይ ሰጡ። ጥቅሙን አስረዱ። የመንደር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ራሳቸው አድርገው እንዲታዩ ጠየቁ። በገበያና በመስጊድ አካባቢ ማስክ ያላደረገውን ሰው በትህትና የሚያስታውሱ ሰዎችም አቆሙ። ማስክ በአግባቡ የሚያደርገው ሰው ከ13 በመቶ ወደ 42 በመቶ ከፍ አለ።

ለእኔ የበለጠው ትምህርት ሌላው ውጤት ነው። የስልክ መልእክት መጨመሩ ለውጥ አላመጣም። ለመንደሩ ሽልማት መስጠትም አልጨመረም። ነገሩን የቀየሩት ማስኩ እጅ ላይ መድረሱና በአካል የሚያስታውስ ሰው መኖሩ ናቸው። መልእክት ርካሽ ስለሆነ ቀድሞ ይመረጣል። ውሃ ማድረስ፣ ማስክ ማድረስ፣ ቤት ለሚውል ሰው የቀን ገቢውን መተካት ግን ገንዘብና ጉልበት ይጠይቃል። ሥራው ያለው እዚያ ነው።

ግምትን ሳይንስ ብሎ ማቅረብ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 መጀመሪያ ብሪታንያ ገና እንቅስቃሴ አልዘጋችም። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ሰው ይሰለቻል የሚል ነበር። ቶሎ ከዘጋን፣ ሕዝቡ ደክሞት ዋናው ማዕበል ሲመጣ ይተወዋል ተባለ። ነገሩ ለጆሮ ልክ ይመስላል። ሁላችንም ስንሰለች አይተናልና።

መጋቢት 16 ግን ከ600 በላይ የባህሪ ሳይንስ ምሁራን ግልጽ ደብዳቤ ፈርመው አወጡ። ለመሆኑ ማስረጃው የት አለ? ካለ አሳዩን አሉ። በመንግሥቱ የባህሪ አማካሪ ቡድን ውስጥ የነበሩ ባለሙያዎችም ሐሳቡ ከእኛ አልመጣም አሉ። አገሪቱ በመጨረሻ የተዘጋችው መጋቢት 23 ነው። በሽታው በየጥቂት ቀኑ እጥፍ በሚሆንበት ወቅት አንድ ሳምንት ብዙ ነው። ሕዝቡም በተከታዮቹ ወራት፣ ይሰለቻል ከተባለው በተቃራኒ፣ በአመዛኙ ደንቡን አክብሯል።

ስለ ሰው ባህሪ ሁሉም ሰው አስተያየት አለው። ሚኒስትሩም፣ ጋዜጠኛውም፣ እኔም። ስለዚህ ግምት ሳይንስ መስሎ ለመግባት ይቀለዋል። «ሕዝባችን እንዲህ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ስብሰባ ላይ ሲነሳ፣ በምን ታወቀ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

ለበጎ ብሎ እውነትን መሸራረፍ

እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 2020 የአሜሪካው የጤና ኃላፊ ጀሮም አዳምስ ሕዝቡ ማስክ መግዛቱን እንዲያቆም ጠየቁ። ማስክ ተራውን ሰው ከበሽታው አይከላከልም፣ ሐኪሞች ግን ካላገኙት ሁሉም አደጋ ላይ ይወድቃል አሉ። አድማጩ ወዲያው ጠየቀ፤ ለሐኪሙ የሚጠቅም ለእኔ እንዴት አይጠቅምም? ሚያዝያ 3 ቀን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሕዝቡ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ እንዲሸፍን መከረ።

ማስረጃ ሲለወጥ ምክር መለወጡ ተገቢ ነው። ጉዳቱ ያለው ያልተረጋገጠውን እንደተረጋገጠ መናገሩ ላይ ነው። «ያለው ማስክ ጥቂት ነው፣ መጀመሪያ ለሐኪሞች ይድረስ፣ ለእናንተ ምን ያህል እንደሚጠቅም ገና እያጠናን ነው» ቢባል ሰው ይረዳ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሕዝብ እውነት ሲነገረው ይደነግጣል ብሎ መፍራት እምነት ያሳጣል። የጠፋ እምነት ደግሞ በማግስቱ ክትባት ሲመጣ ይፈለጋል።

«ኅብረተሰቡ ተዘናግቷል» እያሉ መደጋገም

ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማን! ከጎኑ የገበያ ግርግርና ማስክ የሌለው ፊት ይታያል። የተናገረው ሰው ሊገስጽ ነው ያሰበው። ተመልካቹ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። ሁሉም ትቶታል፣ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት ይላል።

በአሜሪካ አሪዞና ውስጥ ጥንታዊ ዛፎች ወደ ድንጋይነት የተለወጡበት ፓርክ አለ። ጎብኚዎች ስብርባሪውን ይወስዱ ነበር። አጥኚዎች ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ሞከሩ። አንዱ ብዙ ሰው እየወሰደ ፓርኩ መጎዳቱን ይናገራል። ሌላው እባካችሁ አትውሰዱ ብቻ ይላል። በመጀመሪያው ጊዜ ለሙከራ ከተቀመጡት ስብርባሪዎች 8 በመቶ ያህሉ ተወሰደ። በሁለተኛው ከ2 በመቶ በታች። ሰው ብዙኃኑን ይከተላል። ስለዚህ ካሜራው ማስክ አድርጋ የምትሸጠዋን የጉሊት ነጋዴ ቢያሳይ ይሻላል።

ደንቡን ያወጣ ሰው ሲጥሰው ዝም ማለት

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዋና አማካሪ ዶሚኒክ ከሚንግስ፣ ሕዝቡ ቤት ይዋል በተባለበት ጊዜ ከለንደን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ወደ ዱራም እንደሄደ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ወጣ። ያኔ ሥልጣኑን አልለቀቀም። 40 ሺህ ያህል ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ በእንግሊዝ በመንግሥት ላይ ያለው እምነት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደወረደ አሳየ። የራሳቸው አስተዳደር ባላቸው በስኮትላንድና በዌልስ ይህ አልታየም።

አንድ ጊዜ የሠራ ሁልጊዜ ይሠራል ብሎ ማሰብ

እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለታካሚዎች ቀጠሮ እንዲይዙ የሚያስታውስ አጭር መልእክት ተላከ። ክትባቱ ለእርሶ ተቀምጧል የሚል መንፈስ ያለው መልእክትም ነበረበት። የተከተቡት ሰዎች በ3.6 መቶኛ ነጥብ ያህል ጨመሩ። ለአንድ የስልክ መልእክት ይህ ትልቅ ነው። ከወራት በኋላ በሮድ አይላንድ ግዛት ገና ላልተከተቡ ከ140 ሺህ በላይ ሰዎች ተመሳሳይ መልእክቶች ተላኩ። ለውጥ አልታየም።

ለምን? በመጀመሪያው ወቅት ብዙ ሰው ለመከተብ ፈልጎ ስላልተመቸው ነበር የዘገየው። ማስታወሻ ለዚያ ይበቃል። በኋላ የቀረው ግን የሚጠራጠር፣ የሚፈራ፣ ቂም ያለው ነው። እሱ የሚያምነው ሰው ተቀምጦ እንዲያናግረው ይፈልጋል። የኦሃዮ ግዛት ለተከተቡ ሰዎች የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሎተሪ ሲያወጣም፣ በኋላ የተደረገ ጥናት ክትባቱን እንደጨመረ ማስረጃ አላገኘም።

ባህልን እንደ እንቅፋት ማየት

በምዕራብ አፍሪካው የኢቦላ ወረርሽኝ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል። የሟች አስከሬን በጣም አስተላላፊ ነው። በጊኒ፣ በሴራሊዮንና በላይቤሪያ ደግሞ ሟችን አጥቦ መቅበር ግዴታ ነው። በመጀመሪያ ነጭ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሰዎች እየመጡ አስከሬኑን ይወስዱ ነበር። በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ አስከሬን እንዲቃጠል ታዘዘ። ቤተሰብ ምን አደረገ? ታማሚውን ደበቀ። በሌሊት ቀበረ። በሽታውም አብሮ ተደበቀ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 የዓለም ጤና ድርጅት ከሃይማኖት ተቋማት ጋር ተነጋግሮ አዲስ አሠራር አወጣ። ቤተሰብ በቀብሩ ዝግጅት ይሳተፍ፣ ጸሎት ይደረስ፣ ለሙስሊሞች በውሃ ማጠቡ ያለ ውሃ በሚፈጸመው ማንጻት፣ በተየሙም፣ ይተካ፣ ከፈን ይኑር ተባለ። ከአስከሬኑ ርቆ መቆሙ አልተቀየረም። ሟቹ ግን በክብር ተሸኘ።

ይህን ሳነብ አጎቴ ትዝ ይሉኛል። ያረፉት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት ሰሞን ነው። ለቅሶ መቅረት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የእድሩ ዳኛ ግን ማንንም ሳይጠብቁ ተራ አወጡ። ድንኳን ቀረ። በየሰዓቱ ሦስት ሰው ብቻ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እንዲያለቅስ ተስማሙ። የራቀው በስልክ ያጽናና ተባለ። አክስቴ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስድስት ቀን ተቀመጠች። ማንም ደንብ አልጣሰም። በሰባተኛው ቀን ደወልኩላት። «ሁሉም መጥተዋል፣ አንድ ሰው አልቀረብኝም» አለችኝ።