ቃሉን እያወቁት ዐረፍተ ነገሩ ሲጠፋ፦ የ«ፑት» ጣጣ

አንድ ወዳጄ ለሥልጠና ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን መጣ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሥልጠናው «ፑት ኦፍ» እንደ ተደረገ ይናገራል። «መብራቱን ኦፍ አድርገው» እያለ ያደገ ሰው ምን ይረዳ? ተሰርዟል ብሎ በነጋታው አገሩ ገባ። ለካ ወደ ሰኞ ተላልፎ ኖሯል!

ምልክቱ፦ ሁለቱንም ቃል ያውቃሉ፣ ሲገናኙ ግን ግራ ያጋባሉ።

ምክንያቱ፦ ግሱን («ፑት»ን፣ ማለትም «ማስቀመጥ»ን) ለብቻው መፍታት። እኛ «ዝም አለ» ስንል ሰውየው «ዝም» የሚል ቃል ተናገረ ማለታችን አይደለም፤ እንዲያውም ትንፍሽ አላለም። «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ»ም እንደዚያው። «አለ»ን ነጥሎ የሚፈታ አማርኛ ተናጋሪ የለም።

መፍትሔው፦ እንግሊዝኛውንም አትነጥሉት። «ፑት ኦፍ» ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ፣ «ፑት አውት» እሳት ማጥፋት፣ «ፑት ኦን» መልበስ፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ ችሎ መኖር ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋቢ ያለው «ፑት ኦን» ያደርጋል፣ የሌለው ብርዱን «ፑት አፕ ዊዝ» ከማድረግ በቀር ምን ምርጫ አለው?

ሌላው ምልክት፦ «ፑት»ን አገኙ፣ ጓደኛው ግን አጠገቡ የለም። «ፑት ዩር ጃኬት ኦን» ሲባል ጃኬቱ መሐል ገብቷል። እስከ መጨረሻው ሳያነቡ አይፍረዱ፤ አማርኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ መጠበቁን ለምደነዋል። በስሙ ፈንታ «ኢት» ከመጣ መሐል መግባቱ ግዴታ ነው፦ «ፑት ኢት ኦን» እንጂ «ፑት ኦን ኢት» አይባልም። «ፑት አፕ ዊዝ» ግን ማንንም መሐሉ አያስገባም።

አስቸጋሪው፦ ያው ጥንድ ትርጉሙን ሲቀያይር። «ፑት አፕ» ለድንኳን መትከል፣ ለእንግዳ ማሳደር፣ ለዋጋ መጨመር ነው። ስለዚህ ምን ላይ እንዳረፈ ይዩ። እኛስ እንጨትም፣ ትኬትም፣ ተስፋም «ቆረጠ» እንል የለ?

ረጅም ዝርዝር መሸምደዱን በበኩሌ አልወደውም፤ በሳምንቱ ይጠፋል። ወዳጄ አሁን ደብተሩ ላይ የሚያሰፍረው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው መስመር ያ ማስታወቂያ ነው።