ብዙ የሄደች ባለ ቱርቦ መኪና ከመግዛትዎ በፊት፦ ከለገሃር እስከ እንጦጦ የሚዘልቅ ፍተሻ

ቆጣሪዋ 180,000 ወይም 240,000 ኪሎሜትር የሚያሳይ ባለ ቱርቦ መኪና ስትቀርብልዎ ሁሉም ሰው «ስንት ሄዳለች?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት «ዘይቷ በስንት በስንት ጊዜ ይቀየር ነበር?» የሚለው ነው። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጭስ ግፊት የሚዞር አጭር ዘንግ ነው። በአንዱ ጫፍ ጭሱ የሚመታው ተርባይን፣ በሌላው አየር የሚጨምቅ ፕሮፔለር አለው፤ ሲሠራ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ዘንጉ ከሚዞርበት ኩሽኔታ ጋር እንዳይፋጭ የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይት ሳይነፈገው የኖረ ቱርቦ የሞተሩን ዕድሜ ያህል ሊቆይ ይችላል፤ የተነፈገው ግን ቆጣሪው 100,000 ሳይሞላ ሊያልቅ ይችላል።

አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ ይጠናል። ከተማዋ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ባለ ቱርቦ ሞተር እዚህ የሚወደደውም የጎደለውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ነው። ግን ጅቡቲ ላይ የሚያገኘውን ግፊት እዚህ ለማምጣት የበለጠ መፍጠን አለበት። ሌላው መጨናነቁ ነው። በሰዓት በአማካይ 15 ኪሎሜትር የምትጓዝ የከተማ መኪና 5,000 ኪሎሜትር እስክትሞላ ሞተሯ 333 ሰዓት ይሠራል። በሰዓት 60 የምትጓዝ የክፍለ አገር መኪና ያንኑ መንገድ በ83 ሰዓት ትጨርሰዋለች። ቆጣሪው ሁለቱን እኩል ይመዘግባቸዋል፤ የአንደኛዋ ዘይት ግን አራት እጥፍ ለሚበልጥ ሰዓት ተቃጥሏል። ስለዚህ ክፍለ አገር 200,000 የሄደች መኪና ከሜክሲኮ መገናኛ ስትመላለስ 120,000 ከሞላች መኪና ልትሻል ትችላለች።

1. በስልክ የሚጠየቀው

ዘይቷ መጨረሻ የተቀየረው መቼና በስንት ኪሎሜትር እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ዘይት እንደገባ፣ ቱርቦው ተቀይሮ እንደሆነ ይጠይቁ። ተቀይሯል ካሉ «ለምን ተበላሸ?» የሚለውን አይለፉት። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተተካ ቱርቦ አሮጌውን የገደለው ችግር እሱንም ይገድለዋል። የሚያወሩት ከደላላ ጋር ከሆነ ባለቤቱን፣ ሾፌር ካላት ደግሞ ሾፌሩን እንዲያገናኝዎ ይጠይቁ። የዘይቱን ነገር ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ይልቅ ሾፌሩ ያውቃል። ዘይት ሲቀየር የሚሰጡት ትናንሽ ካርዶች ካሉ ሁሉንም ይፈልጉ። ቀኑና ኪሎሜትሩ ጎን ለጎን ስለሚጻፍ ቆጣሪ ተመልሶ እንደሆነም ይናገራሉ።

ቀጠሮውን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያድርጉትና «እኔ እስክመጣ ሞተሩ እንዳይነሳ» ብለው አደራ ይበሉ። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱ። ሞቆ ከጠበቀዎት በጨዋነት ሌላ ቀን ይቅጠሩ፤ ዋናው ምስክር ቀዝቃዛ ሞተር ነው።

2. ወረቀቱ

ይህ አጭር ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር መግጠሙን በዓይንዎ ያረጋግጡ። የሞተሩ ቁጥር ከተለየ ሞተር ተቀይሯል ማለት ነው፤ ያ ሞተር ስንት እንደሄደ ቆጣሪው አይነግርዎትም። ቦሎው የታደሰ መሆኑን፣ የባንክ ዕዳም ሆነ እገዳ አለመኖሩን ፋይሉ ካለበት ቢሮ ያጣሩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ገበያ ላይ የሚያገኟት አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ የኖረች ናት። ታሪኳን የሚያውቅ ሰው በቅርብ አለና ይፈልጉት።

3. ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ

ሜዳ ቦታ ላይ ቆማ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ይምዘዙ። ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከሆነ ይህ ሞተር ዘይት ይበላል፣ ወይም የሚያየው ሰው የለም። ሁለቱም ለቱርቦ አንድ ናቸው። የዘይቱ ቀለም ብዙ አይናገርም፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ ማግስት ይጠቁራል፣ ለሽያጭ የቀረበች መኪና ደግሞ ትናንት ተቀይሮላት ሊሆን ይችላል። የሚናገረው የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ያለው ነው። ክዳኑን ከፍተው በስልክዎ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ብረቱ ላይ ስስ የማር ቀለም ያለው ሽፋን ካለ ደህና ነው። እንደ ሬንጅ የጋገረ ጥቁር ዝቃጭ ካዩ ዘይቱ ለዓመታት ሳይቀየር ቆይቷል፤ ወደ ቱርቦው የሚወስደው ቀጭን ቱቦም በዚያው ዓይነት ነገር ጠቧል ማለት ነው። ክረምት ላይ ክዳኑ ብቻ ነጣ ያለ አረፋ ቢይዝ ከአጭር ጉዞ የመጣ እርጥበት ሊሆን ይችላል። መለኪያ ዘንጉም ላይ ያው ነጭ ነገር ካለ፣ ወይም ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት ከተንሳፈፈ ግን ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል፤ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጉዳይ ነው።

የራዲያተር ክዳኑን ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ብቻ ይክፈቱ። ውስጡ የዝገት ቀለም ያለው ተራ ውሃ ከሆነ ይመዝግቡት። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ መፍላቱን የሚያዘገየው ኩላንቱና የክዳኑ ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ርካሽ ክዳን እዚህ ከተማ ሞተር ያስፈላል፤ በውሃ የሚቀዘቅዝ ቱርቦንም ያቃጥላል።

4. ቱርቦውን በጣት መፈተሽ

ብዙ ገዢ የሚዘለው ይህን ነው፤ የሚወስደው ግን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ እያለ መካኒኩ ከአየር ፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ይፍታ። ፕሮፔለሩን በጣትዎ ያዙሩት፤ ያለ ምንም መያዝ በነፃ መዞር አለበት። ከዚያ መሃሉን ይዘው ወደ ጎን ይግፉት። ትንሽ መነቃነቅ ጤና ነው፤ ዘይቱ በሌለበት ክፍተቱ ይሰማል። ክንፎቹ ግድግዳውን የሚነኩ ከሆነ፣ ወይም ግድግዳው ላይ የተፋቀ ክብ ጭረት ካለ ቱርቦው ጨርሷል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲስቡት ደግሞ እንቅስቃሴ ሊሰማዎት አይገባም ማለት ይቻላል። የክንፎቹን ጠርዝም ይዩ። እንደ አይጥ የበላው ዓይነት ከሆነ አቧራና ጠጠር ገብቶበታል፣ ፊልትሮው የተቀደደ ወይም በደንብ የማይገጥም ነበር ማለት ነው። ያ አቧራ ፋሻውንም (የፒስተኖቹን ቀለበት) ፈጭቶታል።

የኢንተርኩለሩን (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) የታችኛውን ቱቦም ያስፈቱ። ውስጡ በስሱ ወዝ መያዙ የተለመደ ነው። ሲያዘነብሉት የቡና ስኒ የሚሞላ ዘይት ከፈሰሰ ግን ቱርቦው ዘይት እየጣለ ነው።

5. ማስነሳት

አንድ ሰው ከኋላ ማርሚታው ጋ ይቁም፣ እርስዎ ጆሮዎን ለሞተሩ ይስጡ። ጠዋት ላይ የሚታይ ቶሎ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት ምንም አይደለም። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በዝቶ ወይም አየሩ አንሶ ነው፤ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨውን) ወይም የተቀደደ የአየር ቱቦ ይጠርጥሩ። አሁን መኪናዋን ለ5 ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይተዉአትና ነዳጅ በአንድ ጊዜ ይስጧት። ያን ጊዜ ሰማያዊ ጉም ከወጣ ወይ የቱርቦው ማኅተም (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ቀለበት) ወይ የቫልቭ ጎሚኒው (ያንኑ ሥራ ቫልቮቹ ላይ የሚሠራው) አልቋል።

በሚኒሞ እየሠራች የዘይት ክዳኑን ያንሱ። ቀጭን ትንፋሽ የተለመደ ነው፤ ቤንዚን ሞተር ላይ ድምፁ ቢለዋወጥም አይደንግጡ። እንደ ማንቆርቆሪያ እየተመታ የሚወጣ ወፍራም ጭስ ካለ ፋሻው አልቋል። ይህን ጉዳይ አጥብቀን የምንናገረው ብዙ ሰው ስለሚጎዳበት ነው፦ ፋሻው አልቆ ከታች፣ ዘይቱ በሚጠራቀምበት ክፍል፣ ግፊት ያለው ሞተር የቱርቦው ዘይት ወደ ታች እንዳይመለስ ይገፋዋል፣ ዘይቱም በማኅተሙ በኩል ይወጣል። ጋራዥ «ቱርቦ ነው» ይላል፣ አዲስ ይገባል፣ ጭሱ ግን አይቆምም።

ሁለት ሞተሮችን ለየት አድርገው ይስሟቸው። ፕራዶና ሃይሉክስ ላይ ያለው ባለ 3 ሊትር 1ኬዲ ናፍጣ ሞተር ከኢንጀክተሮቹ ሥር ያለው የመዳብ ቀለበት ሲያሾልክ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል። ካርቦኑ ወርዶ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። መጀመሪያ ቱርቦው፣ ቀጥሎ ሞተሩ ዘይት ያጣል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ጎልቶ የሚያንኳኳ ከሆነ ቀለበቶቹ መቼ እንደተቀየሩና ወንፊቱ ታይቶ እንደሆነ ይጠይቁ። የቆዩት የፎልክስዋገን 1.4 ቲኤስአይ ሞተሮች ደግሞ የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው ሰንሰለታቸው ይለጠጣል፤ ሲነሱ ለጥቂት ሰከንድ የሰንሰለት መንቀጫቀጭ ከተሰማ ያ ነው።

6. ስካነር

ስካነር ያለው መካኒክ ይውሰዱ። ኮድ ፒ0299 የቱርቦ ግፊት አነሰ፣ ፒ0234 በዛ ማለት ነው። ምንም ኮድ ካልተገኘ አይደሰቱ፤ «ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ የተሄደ ርቀት» የሚለውን ያስነብቡ። 12 ኪሎሜትር ካለ ትናንት ማታ ተሰርዟል። ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሳ የአየር ግፊቱን ንባብም ይዩ፤ መሃል አዲስ አበባ ላይ ወደ 76 ኪሎፓስካል መሆን አለበት። 100 ካለ ወይ ሴንሰሩ ወይ መሣሪያው ይዋሻል፤ የዚያን ቀን ሌላውንም ንባብ አይመኑ።

7. መንገዱ

ከለገሃር ተነስተው ቸርችልን ወደ ማዘጋጃ ቤት ይውጡ። ይህ ማሟሟቂያ ነው። በፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎና ሽሮ ሜዳ፣ ቀጥሎ እንጦጦ። አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የደከመ ቱርቦ እዚያ አይደበቅም። ከሽሮ ሜዳ በላይ መንገዱ ባዶ ሲሆን በ3ኛ ማርሽ፣ በ1,500 ዙር ላይ ሆነው ነዳጁን እስከ ታች ይርገጡ። ከ1,800 እስከ 2,500 ባለው መሃል ጉልበቱ ሳይቆራረጥ መምጣት አለበት፤ በስካነሩ ላይ ግፊቱ 150 ኪሎፓስካልን ማለፉ ለአብዛኞቹ ጥሩ ምልክት ነው። ቀላል ፉጨት ጤና ነው። እንደ አምቡላንስ ሳይረን ከፍ ዝቅ የሚል ጩኸት ግን ያለቀ ኩሽኔታ ነው። «ፍስስ» የሚል ድምፅ ከደካማ ጉልበት ጋር ከመጣ ቱቦ ተቀዷል፣ በርካሽ ይጠገናል። ጉልበቷ ድንገት ሞቶ አጥፍተው ሲያስነሱ ከተመለሰ ጭሱን ወደ ተርባይኑ የሚመሩት የቱርቦው ተንቀሳቃሽ ክንፎች በጥላሸት ተይዘው ሊሆን ይችላል። ከተማ ውስጥ ብቻ የኖረ ናፍጣ ላይ ይህ ይበዛል። ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ነው።

ሲወርዱ በ2ኛ ማርሽ በሞተር ብሬክ ረዘም አድርገው ይምጡና እንደገና ነዳጅ ይስጡ፤ መስታወት ላይ ሰማያዊ ጭስ ይፈልጉ። ሲደርሱ ቁልፉን ለባለቤቱ ይስጡና እንዴት እንደሚያጠፋት ዝም ብለው ይመልከቱ። ከእንጦጦ ጉዞ በኋላ ወዲያው የሚያጠፋ ሰው ለዓመታት እንዲሁ አድርጓል፤ ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት እዚያው ተቃጥሎ ይጋግራል። ጠንቃቃ ሰው አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ያቆያታል።

8. ውሳኔው

ክዳኑ ሥር የጋገረ ዝቃጭ፣ በዘይት ክዳኑ እየተመታ የሚወጣ ወፍራም ጭስ፣ የተቀላቀለ ውሃና ዘይት፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ይተዉት። ቱርቦው ብቻ ካለቀና ሞተሩ ንጹሕ ከሆነ ግን መደራደር ይቻላል። ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ሶማሌ ተራና ተክለ ሃይማኖት ሁለት ሁለት የመለዋወጫ ሱቅ ገብተው የሙሉ ቱርቦ፣ የመሃል ዕቃው (ዘንጉና ኩሽኔታው) ብቻ፣ የኢንጀክተርና የፍሪሲዮን ዋጋ ይጠይቁ። ድምሩን ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ይቀንሱ። ዕቃው በአራቱም ሱቅ ከሌለ ያ ራሱ መልስ ነው። ያገለገለ ቱርቦ አንመክርም፤ ከማን ሞተር እንደወጣ የሚናገር የለም።

ገዝተው ቱርቦውን የሚያስቀይሩ ከሆነ የዘይት ማስገቢያ ቱቦው፣ ጓርኒሲዮኖቹ (ማሸጊያዎቹ)፣ ዘይቱ፣ የዘይትና የአየር ፊልትሮው አብረው ይቀየሩ፤ ኢንተርኩለሩ ይታጠብ። አዲሱ ከመገጠሙ በፊት በዘይት ቀዳዳው ንጹሕ ዘይት ይፍሰስበትና በእጅ ይዙር። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ሳይነሳ በማስነሻው ብቻ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይዙር፣ ከዚያ ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይ። ከዚያ ወዲያ ዘይቱን በየ5,000 ኪሎሜትሩ ይቀይሩ። የመጀመሪያውን ወር ደግሞ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞልተው በየሳምንቱ ጠዋት ይለኩ፤ በብዙ ሞተሮች ከላይኛው እስከ ታችኛው ምልክት አንድ ሊትር ገደማ ነው። 1,000 ኪሎሜትር ሳይሞላ ታች ከደረሰ ወደ ፋሻውና ወደ ቫልቭ ጎሚኒው ይመለሱ።