ብረት የሌለው ሞተር፦ ማግኔት ብርሃንን ሲያዞር ጅማ ላይ እንዴት እንደለካሁ

ጅማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። «የማግኔት መስክ ብርሃንን ያዞራል» ስል ተማሪዎቼ ዝም ብለው ያዩኛል። እውነታቸውን ነው፤ ያላዩትን ነገር እንዲሁ እንዲቀበሉኝ አልፈልግም። ስለዚህ በእጃቸው የሚለኩበትን ዕቃ ሠራሁ። አሠራሩ እነሆ።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። ፖላራይዝድ ብርሃን ማለት ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን በውሃ ወይም በመስታወት ውስጥ የማግኔቱን መስክ ተከትሎ ሲያልፍ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ትንሽ ይዞራል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1845 ያየው ይህንን ነው። ሌሎች ነገሮች እምቢ ብለውት፣ ራሱ በሠራው፣ እርሳስ የተባለው ብረት ባለበት ከባድ መስታወት ተሳካለት። የመዞሩ መጠን መስኩ በርዝመቱ፣ ከዚያም ቨርዴ በሚባል ቁጥር ተባዝቶ ይገኛል። በቀይ ሌዘር (650 ናኖሜትር) የውሃ ቁጥር በአንድ ቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ) በአንድ ሜትር 3.1 ራዲያን ገደማ ነው።

መስኩን የሚፈጥረውን የሽቦ ጥቅልል ያሠራሁት ሄርማታ ገበያ አጠገብ ሞተር ከሚጠቀልሉ አንድ አባት ጋ ነው። 1 ሚሊሜትር የሞተር ሽቦ፣ በ25 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ፣ 15 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 8 ድርብ፣ በጠቅላላው 1,200 ዙር። «መምህር፣ ውስጡ ብረት የሌለው ሞተር ምን ይሠራል?» አሉኝ። «ብርሃን ያዞራል፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሲያልቅ እንዳሳያቸው ቃል አስገቡኝ።

ኃይሉ ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ይመጣል። መብራት ሄደ መጣ እያለ ልኬት አይሠራም። 4 አምፔር ገደማ ይስባል። መሃል ላይ ፊውዝና የከረንቱን (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን) አቅጣጫ የሚገለብጥ ባለ ስድስት እግር ማብሪያ አድርጉ።

ውሃው የሚገባው በ25 ሴንቲሜትር ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ነው። ጫፍና ጫፉን በማይክሮስኮፕ መስታወት በሲሊከን ለጥፉት። ቧንቧው ከጥቅልሉ በሁለቱም በኩል 5 ሴንቲሜትር ይውጣ። እንዲህ ሲሆን መስኩን በየቦታው መለካት አያስፈልግም፤ የመስኩና የርዝመቱ ብዜት 1.257 በሚሊዮን ተካፍሎ፣ በዙሩ ብዛትና በአምፔሩ ተባዝቶ ይገኛል። ስህተቱ ከ2 በመቶ በታች ነው። ለእኛ 0.006 ቴስላ ሜትር ሆነ። የምንሞላው የባትሪ ውሃ (የተጣራ ውሃ) ነው፤ ስትገዙ አሲድ አለመሆኑን አረጋግጡ። ከሞላችሁት በኋላ አረፋው እንዲወጣ አሳድሩት።

ፖላራይዘሩ (ብርሃኑን ፖላራይዝድ የሚያደርገው ስስ ልጣጭ) ከተበላሸ ካልኩሌተር ስክሪን ይላጣል። የፊተኛውን ብቻ ውሰዱ፤ የኋለኛው ጀርባው ላይ ብርሃን መላሽ ስላለው አያሳልፍም። ስለዚህ ሁለት ካልኩሌተር ያስፈልጋል። አንዱን ከሌዘሩ ፊት፣ ሌላውን ፕሮትራክተር ላይ ለጥፋችሁ ከውሃው በኋላ አቁሙት። ጨረሩን መጨረሻ ላይ የሚቀበለው ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ከረንት የሚለውጥ ትንሽ ዕቃ) ነው፤ ቴስተሩን በማይክሮአምፔር ላይ አድርጋችሁ አገናኙት። እኔ መጀመሪያ የሶላር ፋኖስ ፓነል ሞክሬ ሁለት ቀን አባክኛለሁ። ፓነሉ በተከታታይ የተያያዙ ብዙ ሴሎች አሉት፤ ሌዘሩ አንዱን ብቻ ሲመታ ጨለማ ውስጥ ያሉት ከረንቱን ያንቃሉ።

አሁን ልኬቱ። ሌዘሩን 15 ደቂቃ አስሙቁት፤ ወደ ጨረሩ በዓይናችሁ አትመልከቱ። ሁለተኛውን ፖላራይዘር እስኪጨልም አዙሩና ከዚያ በትክክል 45 ዲግሪ መልሱት። ብርሃኑ ለትንሽ መዞር ብዙ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። ሌዘሩ ጠፍቶ የሚታየውን ቁጥር ከሁሉም ንባብ ቀንሱ።

ማብሪያውን ወደ አንድ በኩል አድርጋችሁ አንብቡ። ወዲያው ገልብጣችሁ እንደገና አንብቡ። በየጊዜው ከ5 ሰከንድ አታሳልፉ።

ይህ መገልበጥ የሥራው ልብ ነው። መጀመሪያ ከረንቱን አብርቶ ማጥፋት ብቻ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ቁጥሩ ይዘላል፣ ይንሸራተታል። ጥቅልሉ ውሃውን ሲያሞቀው ጨረሩ ይታጠፋል። ማቆሚያው ላይ ያለው የብረት ብሎን ይሳባል። ግን ሙቀትም ሆነ ብሎን ከረንቱ በየት በኩል እንደሚሄድ አይለዩም፤ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ነገር ያደርጋሉ። የብርሃኑ መዞር ግን አብሮ ይገለበጣል። ስለዚህ በሁለቱ ንባቦች ልዩነት ውስጥ የሚቀረው እውነተኛው ነው። ይህን ስረዳ የተሰማኝን ደስታ ተማሪዎቼ ፊት አልደበቅኩም።

እኛ 415 እና 385 ማይክሮአምፔር አነበብን። ልዩነቱ 30፣ ድምሩ 800። ልዩነቱን ለድምሩ፣ ከዚያ ለ2 ስናካፍል 0.0188 ራዲያን፣ ማለትም 1.1 ዲግሪ ያህል። ለ0.006 ሲካፈል 3.1 ይሆናል፤ ከላይ ያልነው የውሃ ቁጥር ነው። አንድ ማይክሮአምፔር ስትሳሳቱ ውጤቱ በ3 በመቶ ያህል ስለሚናጋ አሥር ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ቧንቧውን ባዶ አድርጋችሁም ለኩ፤ ልዩነቱ ወደ ዜሮ ካልወረደ የምትለኩት ውሃውን አይደለም።

ጋሼ ቅዳሜ መጥተው ማብሪያውን ራሳቸው ገለበጡት። ቁጥሩ 415፣ 385፣ 415 ሲል አዩ። «ለካ ይሠራል» አሉና እንደገና ገለበጡት።

ከዚህ ቀጥሎ አረንጓዴ ሌዘር (532 ናኖሜትር) ሞክሩ። መዞሩ ከቀዩ 1.5 እጥፍ ያህል መሆን አለበት። በጣም ከራቀባችሁ መጀመሪያ 45 ዲግሪውን አረጋግጡ።